ድግሱን ያሰናዳችው ሴት በፎቶው ውስጥ የለችም

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ ወይም በዙሪያቸው ባለው ገጠር የቆየ የሠርግ አልበም ያለው ቤት ገብታችሁ ብትገልጡ ሙሽሮቹን፣ ሚዜዎቹን፣ ሽማግሌዎቹንና ዳሱን ታያላችሁ። ጠላውን የጠመቀችው፣ ድፎውን የጋገረችው፣ የዶሮውን ሽንኩርት ስታቁላላ ያነጋችው ሴት ግን የለችም። ምግቡም ቢሆን ከስንት አንዴ ነው የሚታየው።

ነገሩ ከፎቶም በፊት የነበረ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887፣ ኋላ እቴጌ የሆኑት ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል በእንጦጦ ማርያም ምረቃ ታላቅ ግብር አብልተው ነበር። ያን ድግስ ዛሬ ስናወሳ የጣይቱን ስም እናነሳለን፤ የእንጀራ ጋጋሪዎቹንና የጠጅ ጣዮቹን ስም ግን የሚያነሳ የለም። ካሜራም ቤተ መንግሥት ገባ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአጼ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነ። ሌንሱ ወደ ነገሥታቱና ወደ መኳንንቱ ዞረ እንጂ ወደ ማድ ቤት አልዞረም።

ፎቶ ወደ ከተሞቻችን ሲደርስም አንድ ጥቅል ፊልም የሚያነሳው ቢበዛ 36 ፎቶ ያህል ነበር። እያንዳንዱ ገንዘብ ስለሆነ ለሙሽሮችና ለዘመድ ይቆጠብ ነበር። ማድ ቤቱም ጨለማና ጭስ ነው። በዚያ ላይ ምግብ ተከድኖ ይቀርባል እንጂ ለዐይን አይገለጥም የሚለው የእናቶቻችን ልማድ አለ።

ያልታየ ሥራ ደግሞ ዋጋ አይወጣለትም። ጠላ ብቻ እንኳ ጌሾ መውቀጥ፣ ብቅል ማብቀል፣ መጠንሰስ፣ እንኩሮ ማንኮር አለው፤ ዝግጅቱ የሚጀመረው ከሠርጉ ቀን አስቀድሞ ነው። ድፎ ዳቦ በኮባ ይሸፈናል፤ ዶሮው 12 ብልት ይወጣለታል። ይህን ሁሉ ሴቶች ተጠራርተው ይሠሩት ነበር፤ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንቺ። ጉልበት በጉልበት ስለሚመለስ በብር የሚተምነው አልነበረም።

አሁን ግን ድግስ በትእዛዝ ይሠራል፤ ጉልበቱ የሚመለሰው በብር ነው። አሮጌው ልማድ ግን አልለቀቀንም። ዋጋ ስንቆርጥ የጤፉን፣ የቅቤውን፣ የበርበሬውንና የማገዶውን እንደምራለን፤ የሌሊቱን እንቅልፍና የወገቡን ሕመም እንተዋለን። ደንበኛም «ውድ ነው» ሲለን መልስ ያጥረናል።

ስልክ በእጃችን ከገባ ወዲህ ግን ፊልም የሚቆጥብ የለም። ብዙዎቻችን ያለቀውን መሶብ አንስተን ለደንበኛ እንልካለን። መልካም ነው፤ በመስኮት ብርሃን፣ ወጡ ሳይቀዘቅዝ ቢነሳ ደግሞ ያምራል። ነገር ግን መሶቡ ብቻውን የድሮውን አልበም ይደግመዋል፤ ሠሪዋ አሁንም የለችም። ስለዚህ ጥንስሱን፣ ቁሌቱን፣ ኮባው ከዳቦው ላይ ሲገለጥ፣ የሠሪዎቹንም እጅ ፈቃዳቸውን ጠይቀን እናንሳ። ከፎቶው ሥር ስንት ሴቶች ስንት ቀን እንደሠሩ እንጻፍ።

ደንበኛው ያኔ የሚከፍለው ለምን እንደሆነ ያያል። ማኅበራችንን የሚደግፉ ወገኖችም ብራቸው ምን ሥራ ላይ እንደዋለ ያውቃሉ። ከሁሉ በላይ ግን ልጆቻችን አልበሙን ሲገልጡ እናታቸውን ያገኟታል።