ጁኒየር ኮሌጅ (በመረብ ኳስ)

ጁኒየር ኮሌጅ በአሜሪካ የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጥ ኮሌጅ ሲሆን፣ ለመረብ ኳስ ተጫዋች ተማሪዎች ከሁለተኛ ደረጃ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መሸጋገሪያ ሆኖ ያገለግላል። የመጀመሪያው የመንግሥት ጁኒየር ኮሌጅ ኢሊኖይ ውስጥ በጆሊየት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1901 ተከፈተ፤ ብሔራዊ የጁኒየር ኮሌጅ አትሌቲክስ ማኅበር ደግሞ በ1938 ተመሠረተ። የካሊፎርኒያ ማኅበረሰብ ኮሌጆች ከዚህ ማኅበር ውጭ ናቸው፤ የራሳቸው ማኅበር አላቸው፣ የስፖርት ስኮላርሺፕም አይሰጡም።

በብሔራዊው ማኅበር አንደኛ ዲቪዚዮን ኮሌጁ ከትምህርት ክፍያ አልፎ መኖሪያንና ምግብን ሊሸፍን ይችላል፤ በሁለተኛው ድጋፉ በትምህርት ክፍያና በመጻሕፍት ይወሰናል፤ በሦስተኛው በስፖርት ስም የሚሰጥ ገንዘብ የለም። ተጫዋቾች ይህን መንገድ የሚመርጡት ወጪ ለመቀነስ፣ የመግቢያ ውጤት ለማሟላት፣ ወይም ተቀያሪ ወንበር ላይ ከመቀመጥ ይልቅ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ለመሰለፍ ነው። ዋናው እንቅፋት ሜዳ ላይ ሳይሆን ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ ነው፤ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የማይቆጥራቸው ኮርሶች ምረቃን ያዘገያሉ።

በኢትዮጵያ ጁኒየር ኮሌጅ የሚለው ስያሜ ይበልጥ የተያያዘው ከእርሻ ትምህርት ጋር ነው፤ የአምቦና የጅማ የእርሻ ኮሌጆች በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። ዛሬ ለምሳሌ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ተክሎ መረብ ወጥሮ የሚጫወት ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ በአቅራቢያው የሚያገኘው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወይም የደብረ ብርሃን መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነው። ከፍተኛው የአገሪቱ የመረብ ኳስ ውድድር ግን የሚካሄደው እንደ ሙገር ሲሚንቶ ባሉ ክለቦች መካከል ነው።