የአለቃ ፊርማና የሠራተኛ ጥፋት፦ ከ1966 ዓ.ም ምን እንማራለን?



ባለፈው ዓመት ከቁጠባ ቡድኖቻችን በአንዱ የሦስት ወር መዋጮ ጎደለ። ገንዘቡን የሰበሰበችው እህታችን ለቤቷ ችግር አውላው ኖሮ ቀስ በቀስ መልሳ ከፈለች። ገንዘቡ ቢመለስም ክርክሩ አልበረደም። የቡድኑ ሰብሳቢ እትዬ «እኔ ገንዘቡን በእጄ አልነካሁም» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ነገር ግን በሦስቱም ወር ማጠቃለያ ላይ ፊርማቸው አለ። ግማሾቻችን «ያጠፋችው ሌላ፣ የሚጠየቁት ሌላ፤ ይህ ፍርድ አይደለም» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ታዲያ ፊርማው ለምን ነበር?» ብለን ጠየቅን።

በሒሳብ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ጥያቄ በየቀኑ እናየዋለን። የክፍያ ማዘዣ ሦስት ፊርማ አለው፤ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠውና ያጸደቀው። ያጸደቀው ሰው ብሩን አይቆጥርም። ቢሆንም ያለ እሱ ፊርማ ብሩ ከካዝና አይወጣም። በዚህ ምክንያት ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የተያዘውን የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ ከማየታችን በፊት፣ ይኸው ጥያቄ በታሪክ እንዴት እንደተመለሰ ብናስታውስ ይጠቅመናል። ለዚህ ከ1966 ዓ.ም የተሻለ ዓመት አናገኝም። በዚያ አንድ ዓመት ሦስት የታወቁ መሪዎች በሦስት አገር ከሥልጣን ወርደዋል።

የመጀመሪያው የእኛው ነው። ያኔ ከምባታና ሐዲያ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበሩ፤ ሆሳዕናም የአውራጃ ከተማ ነበረች። በ1965 ዓ.ም በወሎ ብርቱ ረሃብ ገባ። የሰብሉ መጥፋት ከታች በሪፖርት ቢገለጽም ወሬው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየለዘበ፣ እየተሸፈነም ሄደ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሄዱ መምህራን የተራቡትን ሰዎች ፎቶግራፍ አንስተው መጥተው አሳዩ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ጉዳዩን ዓለም ሁሉ አወቀው። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ግን ቀድሞ አልቆ ነበር።

በየካቲት 1966 የወታደሩ አመፅ፣ የመምህራንና የታክሲ ነጂዎች አድማ ተደራረቡና የጠቅላይ ሚኒስትሩ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። በዚያው ዓመት የቀድሞ ባለሥልጣናትን አድራጎት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ከአባላቱም መካከል ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። አክሊሉ ለኮሚሽኑ በጽሑፍ የሰጡት ቃል ከብዙ ዓመት በኋላ በመጽሐፍ ታትሟል።

ኮሚሽኑ የያዘው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሚኒስትሮችን የሚሾሙትና የሚሽሩት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው መርጠው እንዲያቀርቡ የተፈቀደላቸው በ1958 ዓ.ም ነው። ታዲያ የረሃቡን ወሬ አንድ ሹም ቢደብቅ ተጠያቂው ማን ነው? ሹሙ፣ ሚኒስትሩ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወይስ ዙፋኑ? እያንዳንዱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊጠቁም ይችል ነበር። ፊርማው የማን እንደሆነ በማይታወቅበት ቤት ጥፋቱ የማንም አይሆንም።

አገራችን የዚህን ጥያቄ መልስ ሳትሰማ ቀረች። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ አክሊሉን ጨምሮ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። ምርመራው ገና አላለቀም ነበር። በእኛ ሙያ ቋንቋ ሒሳቡ ሳይዘጋ መዝገቡ ተቃጠለ እንደማለት ነው። ማን ምን ያውቅ እንደነበር፣ ማን ምን እንደደበቀ እየተለየ ሳይታይ ሁሉም በአንድ ሌሊት ተደመሰሰ። የሟች ቤተሰቦችም፣ በረሃቡ ዘመዶቻቸውን ያጡ ወሎዬዎችም ፍርድ አላገኙም።

ሁለተኛው መሪ የምዕራብ ጀርመኑ መራሔ መንግሥት ቪሊ ብራንት ናቸው። በሚያዝያ 1966 የቅርብ ረዳታቸው ጉንተር ጊዮም የምሥራቅ ጀርመን ሰላይ ሆኖ ተገኘና ተያዘ። ብራንት አልሰለሉም። ሰውዬው እንደተጠረጠረ ግን ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት ተነግሯቸው ነበር፤ የጸጥታ ሰዎች ባሉት መሠረት በሥራው ላይ አቆይተውታል። ረዳታቸው በተያዘ በሁለት ሳምንት ውስጥ ኃላፊነቱን ወስደው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከዚያም በኋላ በክብር ኖረዋል፤ ፓርቲያቸውንም ለብዙ ዓመታት መርተዋል።

ሦስተኛው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ናቸው። በሰኔ 1964 ለምርጫ ዘመቻቸው የሚሠሩ ሰዎች የላኳቸው ግለሰቦች ዋተርጌት በተባለው ሕንፃ የነበረውን የተቃዋሚውን ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሰብረው ሲገቡ ተያዙ። ኒክሰንን የጣላቸው ሰበራው ሳይሆን ከዚያ በኋላ ነገሩን ለመሸፈን ያደረጉት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቢሯቸውን የድምፅ ቅጂ እንዲያስረክቡ አዘዘ፤ ቅጂው ምርመራው እንዲቆም መፈለጋቸውን አጋለጠ፤ በነሐሴ 1966 ሥልጣን ለቀቁ። ከዚያ የሆነው ግን ያሳዝናል። ብዙ የበታች ሰዎቻቸው ሲታሰሩ፣ እሳቸው በተተኪያቸው በጄራልድ ፎርድ ምሕረት ተደረገላቸው።

ሦስቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ ነገር ይታየናል። አለቃ ለሠራተኛው ጥፋት ሁሉ እንደ ጥፋተኛው መቀጣት የለበትም፤ ይህ ፍትሕ አይሆንም። ነገር ግን ስለ ሦስት ነገር ይጠየቃል። የመጀመሪያው ማወቅ የሚገባውን ለማወቅ ምን አደረገ የሚለው ነው። ሁለተኛው ሲነገረው ምን አደረገ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከተጋለጠ በኋላ እውነቱን አወጣ ወይስ ሸፈነ የሚለው ነው። «አላውቅም ነበር» የሚለው ቃል ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አይሆንም፤ ለማወቅ ተሹሟልና። አባቶቻችን «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁ የነበረው የታች ሰው የሚያየውን ለመስማት ነው።

የአገራችን ፍርድ ቤትም ዘግይቶ ቢሆን ተናግሯል። የደርግ ባለሥልጣናት ጉዳይ ከ1987 ዓ.ም ጀምሮ ታይቶ በታኅሣሥ 1999 ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት ጥፋተኛ ተባሉ። ግድያውን በየቦታው የፈጸሙት ብዙ እጆች ቢሆኑም፣ ያዘዘና የመራ ከተጠያቂነት እንደማይወጣ ታየ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 12ም ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል እንደሚጠየቅ ይደነግጋል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2000 ዓ.ም የበልግ ዝናብ ሲቀር በሐዲያ፣ በከምባታና በወላይታ መሬቱ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ሕፃናት በምግብ እጥረት ተጎድተዋል። ያን ጊዜ ከቀበሌ የሚወጣ ትክክለኛ ቁጥር የልጅ ሕይወት ነበር። ክፉ ወሬ ያመጣውን ሠራተኛ የሚቆጣ አለቃ በሚቀጥለው ወር ጥሩ ወሬ ብቻ ይሰማል፤ ወሬውን የለወጠው ሠራተኛው ቢሆንም ያስተማረው አለቃው ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ትልልቅ ፊርማዎች አሁን በጎረቤታችን ይፈረማሉ። እኛ በትንሿ መዝገባችን ያለመድነውን ከክልል መሥሪያ ቤት ለመጠየቅ አፍ አይኖረንም።

ወደ እትዬ ነገር እንመለስ። በመጨረሻው ስብሰባ ተነሥተው «ደብተሮቹን ሳላይ ፈርሜአለሁ፤ ገንዘቡን አልወሰድኩም፣ ጥፋቱ ግን የእኔም ነው» አሉና ቦታውን ለመልቀቅ ጠየቁ። ዝም አልን። ከዚያ አንዲት እናት «እንዲህ ብሎ የነገረን ሰብሳቢ እስከ ዛሬ አላየንም፤ ይቀጥሉ» አለች። በእጅ ብልጫ ቀጠሉ። ዛሬ ማጠቃለያው ላይ ከመፈረማቸው በፊት የየአባሉን ደብተር ራሳቸው ያገላብጣሉ።

ለጉባኤው የቀረበው ማሻሻያ አጭር ነው። ማንኛዋም ሰብሳቢ ወይም ገንዘብ ያዥ ሳታይ በፈረመችው ጉድለት በአባላት ፊት መልስ ትሰጣለች፤ ጉድለት ያየች አባል በመናገሯ አትወቀስም፤ ምርመራ ሳያልቅም ማንም አትባረርም። ከሾኔ፣ ከዱራሜ፣ ከዶዮገናና ከሆሳዕና የምትመጡ እህቶች አንብባችሁና ተወያይታችሁበት እንድትመጡ እንለምናለን። የቁጠባ ደብተራችሁንም ይዛችሁ ኑ።