ከሆስፒታል ውጭ የልብ መቆምና ኤክሞ

ከሆስፒታል ውጭ የልብ መቆም ማለት አንድ ሰው በቤቱ፣ በመንገድ ወይም በሥራ ቦታ ሳለ ልቡ ደም መርጨቱን በድንገት የሚያቋርጥበት አደጋ ነው። ኤክሞ ደግሞ የልብንና የሳንባን ሥራ ከሰውነት ውጭ ሆኖ ለጊዜው የሚተካ መሣሪያ ነው። በተለመደው ርዳታ ልባቸው ላልተመለሰ ጥቂት ሕመምተኞች በአንዳንድ አገሮች ያገለግላል። በኢትዮጵያ ለዚህ አደጋ በመደበኛነት የተቋቋመ የኤክሞ አገልግሎት የለም።

ምንነት

የልብ መቆምና ሃርት አታክ አንድ አይደሉም። በሃርት አታክ ጊዜ የልብን ጡንቻ የሚመግብ ደም ቅዳ ይደፈናል፤ ሕመምተኛው ግን ብዙውን ጊዜ ይተነፍሳል፣ ይናገራል። ልብ ሲቆም ሰውየው ወዲያው ራሱን ይስታል፣ ትክክለኛ ትንፋሹም ይቋረጣል። አንዳንዱ ለጥቂት ደቂቃ እያጣጣረ አልፎ አልፎ አየር ይስባል፤ ይህ እንደ ትንፋሽ አይቆጠርም። ሃርት አታክ ልብ እንዲቆም ከሚያደርጉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

አንጎል ደም ካልደረሰው ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። በኤሌክትሪክ ንዝረት ሊመለስ የሚችል ልብ እንኳ ደረት ሳይጫን ሲቆይ፣ የመዳን ዕድሉ በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ አምቡላንስ እየተጠራ ሕመምተኛው ጠንካራ ወለል ላይ በጀርባው ይተኛል፤ የደረቱ መሐል በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይጫናል። ከእያንዳንዱ ግፊት በኋላ ደረቱ ወደ ቦታው እንዲመለስ ይለቀቃል።

ራሱን ለሳተ ሰው ክብሪት ጭሮ ማሽተት ወይም ፊቱ ላይ ውሃ መርጨት የተለመደ ነው። ሆኖም የቆመ ልብን አያስነሳም፤ ደረት የሚጫንበትን ጊዜ ይወስዳል።

የኤክሞ አሠራር

ሐኪሞች በብሽሽት በኩል ሁለት ወፍራም ቱቦዎች ያስገባሉ። በደም መልስ የገባው ቱቦ ደሙን ወደ ውጭ ያወጣል፤ ፓምፕ ደሙን በሰው ሠራሽ ሳንባ ውስጥ ያሳልፈዋል። በዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ኦክስጅን ይገባል። ከዚያም ደሙ በደም ቅዳ በገባው ቱቦ ወደ ሰውነት ይመለሳል። ለአዋቂ ሰው በደቂቃ ከ3 እስከ 5 ሊትር ያህል ደም ይዘዋወራል።

መሣሪያው የልቡን በሽታ አያድንም፤ ሐኪሞች የተደፈነውን ደም ሥር እስኪከፍቱ ፋታ ይሰጣል። የደም መፍሰስ፣ የእግር ደም ማጣትና የአንጎል ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። የሚመረጡት በአብዛኛው ሲወድቁ ሰው ያያቸው፣ ደረታቸው ወዲያው የተጫነላቸውና ከወደቁ በ60 ደቂቃ ገደማ መሣሪያው ሊገጠምላቸው የሚችሉ ናቸው።

ታሪክና ጥናቶች

አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ጊቦን እ.ኤ.አ. በ1953 በልብና ሳንባ ማሽን የታገዘ የመጀመሪያውን የተሳካ የልብ ቀዶ ሕክምና አደረገ። የፓሪስ የድንገተኛ ሕክምና ቡድኖች ከ2011 ጀምሮ ኤክሞን ሕመምተኛው ወደወደቀበት ቦታ ይዘው ይሄዳሉ።

በ2020 በሚኒያፖሊስ በ30 ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በኤክሞ ከታከሙት 43 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 7 በመቶ በሕይወት ከሆስፒታል ወጡ። በ2023 የወጣው የኔዘርላንድስ ጥናት ግን ከ30 ቀን በኋላ አእምሯቸው ደህና ሆኖ የተረፉትን 20 እና 16 በመቶ አድርጎ በማግኘቱ፣ ልዩነቱ አሳማኝ አልሆነም። ውጤቱ በቡድኑ ልምድና ፍጥነት ላይ በእጅጉ ይመሠረታል።

በቂርቆስና በካዛንቺስ

መስቀል አደባባይ፣ ስታዲየምና ካዛንቺስ የሚገኙበት የቂርቆስ ክፍለ ከተማ በመሐል አዲስ አበባ ሰው ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልም እዚሁ ይገኛሉ። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ማዕከል፣ የኤክሞ የቅርብ ዘመድ የሆነው የልብና ሳንባ ማሽን ያገለግላል። ይሁን እንጂ ሥራው በቀጠሮ ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና እንጂ በመንገድ ለወደቀ ሰው አይደለም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ያም ሆኖ በከተማዋ ብዙ ሕመምተኞች ሆስፒታል የሚደርሱት በታክሲ ወይም በቤት መኪና ነው። በሚሄድ መኪና ወንበር ላይ ደረትን በአግባቡ መጫን አይቻልም፤ ስለዚህ ርዳታው ሰውየው በወደቀበት ቦታ ይጀመራል። ኤክሞ ባለባቸው ከተሞችም ቢሆን ደረቱ ሳይጫን የቆየ ሕመምተኛ ለመሣሪያው እምብዛም አይመረጥም።

በአዲስ አበባ አምቡላንስ ለመጥራት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ተቋም 939፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመሠረተው የግል ድርጅት ጠብታ አምቡላንስ ደግሞ 8035 ቁጥሮችን ይጠቀማሉ።