ብዙ የኤክሴል ፋይል ከፍታችሁ ግራ ገባችሁ? ዳታ ሳይጠፋ የምትዘጉት እንዲህ ነው

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሊዘጋ ሲል የሂሳብና የዳታ ሥራ ላይ ያለ ሰው ኮምፒውተር ላይ ስድስት ሰባት የኤክሴል ፋይል ተከፍቶ ማየት የተለመደ ነው። ፔሮል፣ አቴንዳንስ፣ ያለፈው ወር ሪፖርት፣ ከኢሜይል የወረደ ኮፒ...

እስከ ኤክሴል 2010 ድረስ ፋይሎቹ ሁሉ በአንድ ትልቅ መስኮት ውስጥ ነበር የሚከፈቱት። ከኤክሴል 2013 ጀምሮ እያንዳንዱ ፋይል የራሱ መስኮት አለው። መስኮቱ ቢለያይም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባ የሚሠራው አንድ ኤክሴል ነው። ስለዚህ አንዱ ላይ የምታደርጉት ነገር ሌላውን ሊነካ ይችላል።

የት ላይ እንጠንቀቅ?

▪️ ኮንትሮል + ዜድ፦ ወደኋላ የሚመልሰው በሠራችሁበት ቅደም ተከተል ነው። ደጋግማችሁ ከነካችሁት ሌላኛው ፋይል ላይ የሠራችሁትንም ሊያጠፋ ይችላል።

▪️ ስሌት፦ መጀመሪያ የከፈታችሁት ፋይል ስሌቱ "ማኑዋል" ላይ ከሆነ፣ ከሱ በኋላ የተከፈቱትም ማኑዋል ይሆናሉ። ቁጥር ብትቀይሩም ድምሩ እንዳለ ይቀመጣል። ፔሮል ላይ ይሄ ቀላል ስህተት አይደለም። "ፎርሙላስ" ውስጥ "ካልኩሌሽን ኦፕሽንስ" ብላችሁ "አውቶማቲክ" አድርጉት።

የጠፋባችሁን ፋይል ለማግኘት

ኮንትሮል + ኤፍ6 ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው ያሻግራችኋል። "ቪው" ውስጥ ያለው "ስዊች ዊንዶውስ" የተከፈቱትን በስም ይዘረዝራል። "አሬንጅ ኦል" ደግሞ ጎን ለጎን ይደረድራቸዋል።

ለመዝጋት

1. አንዱን ብቻ፦ ኮንትሮል + ደብልዩ።
2. ሁሉንም፦ ሺፍትን ተጭናችሁ ይዛችሁ ጥግ ላይ ያለችውን የኤክስ ምልክት ንኩ። ወይም ታች ታስክባር ላይ የኤክሴልን ምልክት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ነክታችሁ "ክሎዝ ኦል ዊንዶውስ" በሉ።

ያልተቀመጠ ለውጥ ካለ ኤክሴል ይጠይቃችኋል። ጥያቄው ላይ የፋይሉ ስም ተጽፏል፤ ሳታነቡ "ዶንት ሴቭ" አትበሉ። "ምንም አልነካሁም'ኮ፣ ለምን ይጠይቀኛል?" ካላችሁ፣ ፋይሉ ውስጥ እንደ "ቱዴይ" ያለ ራሱን የሚያድስ ፎርሙላ ሊኖር ይችላል።

በታስክ ማናጀር "ኤንድ ታስክ" ማለት የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። እሱ ሴቭ ላድርግ ብሎ አይጠይቅም፣ በቃ ይዘጋል።

ሴቭ ሳታደርጉ ከዘጋችሁስ?

ፋይሉ አዲስና ጭራሽ ሴቭ ያልተደረገ ከነበረ "ፋይል"፣ ከዚያ "ኢንፎ"፣ ከዚያ "ማኔጅ ወርክቡክ" ውስጥ ገብታችሁ "ሪከቨር አንሴቭድ ወርክቡክስ" የሚለውን ንኩ። ከዚህ በፊት ሴቭ የተደረገ ከሆነ ፋይሉን መልሳችሁ ክፈቱና እዛው "ማኔጅ ወርክቡክ" አጠገብ የቀረ ኮፒ ካለ እዩ። ግን ኤክሴል ይህን ኮፒ የሚይዘው ካልቀየራችሁት በቀር በየ10 ደቂቃው ነው። ከዚያ በፊት ከዘጋችሁት ወይም መብራት ከሄደ የሚገኝ ነገር ላይኖር ይችላል። መፍትሔው ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው ከማለፋችሁ በፊት ኮንትሮል + ኤስ መንካት ነው።

የቢሮ ወይም የኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ታስክባሩ ላይ የቀረ ፋይል አለመኖሩን እዩ። ክፍት የቀረ የደመወዝ ዝርዝር ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ ያየዋል።

ወር መጨረሻ ላይ ለሚጨናነቅ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።