ከሐኪምነት በፊት አስታማሚነት
(በወረርሽኝ ዘመን የሕክምና ተማሪዎችና አመልካቾች ስለ ሠሩት ሥራ አጭር ታሪካዊ ጽሑፍ)

የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ ኮሮና ዘመን አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ፣ ታክሲ ነጂ እንደ መሆኔ ኤርፖርቱ ጭር ብሎ ስለ ሰነበተበት ጊዜ እንደምጽፍ ሳይገምቱ አልቀሩም። ያንን ግን ሁላችንም በየቤታችን ስላየነው መድገሙ አያስፈልግም። እኔ ለማንሳት የፈለግሁት በዚያው ጊዜ ሕክምና ለመማር ያመለክቱ የነበሩትን ልጆቻችንን ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. የሚል ካልታከለበት በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ነገሩ የጀመረው በማርች 2020 ነው። አንድ የቅርብ ወዳጄ ደወለልኝ። ሴት ልጁ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ለመጨረስ ጥቂት ወራት ቀርተዋት ነበር፤ በዚያው ዓመት ለሕክምና ትምህርት ቤት ለማመልከት ትዘጋጅ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን በአንድ ሆስፒታል በበጎ ፈቃድ ስታገለግል ቆይታ፣ «በጎ ፈቃደኞች ሌላ ማስታወቂያ እስኪወጣ ድረስ አትምጡ» የሚል ደብዳቤ ደረሳት። አባቷም «አንተ የማታውቀው ሰፈር የለም፤ እስቲ ለዚህች ልጅ የምታገለግልበት ቦታ ፈልግላት» አለኝ።

እንደሚታወቀው፣ በአሜሪካ አገር ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት ጥሩ ውጤትና የመግቢያ ፈተና ብቻ አይበቁም። አመልካቹ በሽተኛ አጠገብ ቆሞ እንደሚያውቅ፣ ሰውን ማገልገል ምን እንደሆነ እንደ ቀመሰ የሚያሳይ ነገር ይፈለግበታል። በዚያ ወር ግን በሩ ሁሉ ተዘጋ። ከማርች መጨረሻ እስከ ሜይ ድረስ ሊሰጡ የታሰቡት የመግቢያ ፈተናዎች ተሰረዙ። ማርች 17 ቀን የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር የሕክምና ተማሪዎች እንኳ ከበሽተኛ ጋር በቀጥታ ከመገናኘት ለጊዜው እንዲገቱ መከረ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛውና ጋዋኑ ለሐኪሞቹና ለነርሶቹም አልበቃም፣ ተጨማሪ ሰው በገባ ቁጥርም በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይበዛል። ተማሪው ራሱ ከበር ሲመለስ አመልካቹ በየት ይገባል?

ለወዳጄ በዚያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ሥራ ስላልነበረ ግን ጊዜ ነበረኝ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ሳልጨርስ ከአገር የወጣሁ ሰው ብሆንም የማንበብ ልማዱ አልተወኝም። ስለዚህ «ከእኛ በፊት እንዲህ ያለ ነገር የገጠማቸው ወጣቶች ምን አደረጉ?» ብዬ ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ባጭሩ ላቅርብ።

ፊላዴልፊያ፣ 1918

በ1918 የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ዓለምን ሲያጠቃ፣ አሜሪካ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስለ ነበረች ብዙ ሐኪሞችና ነርሶች ወደ ጦሩ ሄደው ነበር። በፊላዴልፊያ ከተማ ሴፕቴምበር 28 ቀን ለጦርነቱ ብድር ማሰባሰቢያ ተብሎ በተደረገ ሰልፍ ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወጣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሆስፒታሎቹ ሞሉ። በስድስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ከ12 ሺህ በላይ ሰው አለቀ።

የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ጊዜያዊ ሆስፒታሎች ተላኩ። ከነዚህ አንዱ በኋላ ታዋቂ ሐኪምና ተመራማሪ የሆነው አይዛክ ስታር ነበር። ስታር ይህንን ታሪክ ከ58 ዓመት በኋላ በ1976 ጽፎ አሳትሞታል። እንደ ጻፈው፣ ለሥራው የተሰጠው ዝግጅት አንድ ንግግር መስማት ብቻ ነበር። ሐኪም ለመሆን የሚማረው ወጣት የተመደበው በነርስነት ሆነ፤ ሥራው ውኃ ማጠጣት፣ አንሶላ መቀየር፣ ከሚያቃስተው ሰው አጠገብ አለመጥፋት ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወደ ፈረቃው ሲመለስ ትናንት ካስታመማቸው ሰዎች መካከል የሚያገኘው ጥቂቱን ነበር። በዚያችው ከተማ የካቶሊክ መነኮሳይያት ከገዳማቸው ወጥተው በሽተኛ ሲያስታምሙ፣ ለቅስና የሚማሩ ወጣቶች ደግሞ መቃብር ቆፈሩ።

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 1911 ዓ.ም.

ያው በሽታ በዚያው ሰሞን አዲስ አበባም ገብቶ ነበር። አያቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት እሱ ነው። በከተማይቱ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ከሞት ተርፈዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጃፉ ቆሻሻ እየተጠረገ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ልማድም ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ ይታወሳል።

በዚያን ጊዜ በአገራችን የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበረም፤ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እንግዲህ ሥራው በአስታማሚው ትከሻ ላይ ወደቀ። አስታማሚ የሚለው ቃል በራሱ ብዙ ይናገራል። ሐኪም መጥቶ ይሄዳል፤ አስታማሚ ግን አብሮ ያድራል።

ከወረርሽኝ ትምህርት ቤት የተወለደበት ጊዜም በአገራችን አለ። በ1953 በጎንደር አካባቢ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሺህ ሕዝብ ፈጀ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በማግስቱ ዓመት በ1954 እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው እልቂት ነበር። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን አንድ ላይ እያሠለጠነ ወደ ሕዝቡ የሚወርዱበትን መንገድ አስተማረ። ሐኪም ቤት ተቀምጦ በሽተኛን መጠበቅ ብቻውን እንደማይበቃ ደምቢያ አሳይቶ ነበርና።

ኮፐንሃገን፣ 1952

በጣም የገረመኝ ታሪክ ግን የዴንማርክ ነው። ወረርሽኙ ዓለምን ያዳረሰ ባይሆንም ለጉዳያችን የሚጠቅም ስለሆነ አስገባዋለሁ። በ1952 በጋ ኮፐንሃገንን ፖሊዮ፣ ማለት የልጅነት ልምሻ፣ መታት። በሽታው የመተንፈሻ ጡንቻን ሲይዝ ሕመምተኛው አየር አጥቶ ይሞታል። በብሌግዳም ሆስፒታል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲህ ከታመሙት 31 ሰዎች 27ቱ ሞቱ። ሆስፒታሉ የነበረው «የብረት ሳንባ» የሚባል ትልቅ የመተንፈሻ መሣሪያ አንድ ብቻ ነበር።

ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም አንድ መላ አመጣ። ጉሮሮ ተቀዶ ቱቦ ይገባል፤ በቱቦው ጫፍ የጎማ ከረጢት ይታሰራል፤ ሰው በእጁ ከረጢቱን እየጨመቀ አየር ወደ ሳንባ ያስገባል። ኦገስት 27 ቀን በአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ተሞከረና ልጅቷ ዳነች። ነገር ግን ያን ከረጢት ሌት ተቀን ማን ይጨምቀው? ጥሪ ተደረገና የሕክምና ተማሪዎች መጡ፤ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎችም ተከተሏቸው። ወረርሽኙ እስኪያልፍ 1,500 ያህል ተማሪዎች በፈረቃ ተቀምጠው ወደ 165 ሺህ ሰዓት ከረጢት ጨመቁ። በአንድ ጊዜ እስከ 70 የሚደርሱ ሕመምተኞች በተማሪዎች እጅ ይተነፍሱ ነበር። ከመቶ 87 የነበረው ሞት በመጨረሻ ከመቶ ወደ 25 ዝቅ አለ። ዛሬ የጽኑ ሕሙማን ክፍል የምንለው የተጀመረው ከዚያ ልምድ ነው።

አስተውሉ፤ ከረጢት ለመጨመቅ ዲግሪ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው እጅ፣ ትዕግሥትና የበሽተኛውን ዓይን አለመልቀቅ ነው።

እኛስ በ2020?

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ለወዳጄ መልሼ ደወልኩ። «ሆስፒታሉን ተወው፤ ሥራው ያለው በሽተኛው ካለበት ዘንድ ነው፤ በሽተኛው ደግሞ እቤቱ ተቀምጧል» አልኩት።

በእርግጥም በዚያ ዓመት ብዙ ወጣቶች ሌላ በር አግኝተዋል። በሚኒሶታ የሕክምና ተማሪዎች ተደራጅተው ፈረቃ ለሚገቡ የሆስፒታል ሠራተኞች ልጅ ጠበቁ። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከበሽተኛ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች ስለ መከታተል በሜይ 2020 ነፃ ትምህርት በኢንተርኔት አወጣ። የደም ልገሳ ፕሮግራሞች ስለ ተሰረዙ የደም እጥረት ሆኖ ለጋሽና አስተባባሪ ይፈለግ ነበር። ምግብ የሚያከፋፍል፣ ለብቸኛ አረጋውያን ስልክ የሚደውል ተፈለገ። ክትባቱ ከመጣ በኋላም በ2021 በክትባት ጣቢያዎች ሰልፍ የሚያስይዝና ቅጽ የሚያስሞላ ሰው አስፈለገ።

ለእኛ ሕዝብ ደግሞ ከዚህ የተለየ ችግር ነበረበት፤ ቋንቋ። ብዙዎቻችን ታክሲ ነጂዎች፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኞች፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ረዳቶች ስለሆንን «ከቤት አትውጡ» የሚለው ትእዛዝ አልደረሰልንም። ወላጆቻችን ደግሞ ቤት ተዘግቶባቸው በእንግሊዝኛ የሚመጣውን ወረቀት የሚያነብላቸው አጡ።

ልጅቷ ከማኅበራችን የ14 አረጋውያን ስልክ ተቀብላ ማክሰኞና ዓርብ መደወል ጀመረች። አማርኛዋ የተሰባበረ ስለ ነበረ መጀመሪያ ታፍር ነበር። እንጀራና መድኃኒት ማድረሱን እኛ ነጂዎች ያዝን፤ ደጃፍ ላይ አስቀምጠን፣ ደውለን እንመለሳለን። አንድ ዓርብ ቀን ለአንዲት እናት ደውላ «እማማ፣ እንዴት ነዎት?» ብትላቸው «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሏት። ልጅቷ ግን በ«እግዚአብሔር» እና በ«ይመስገን» መካከል ትንፋሽ ለመውሰድ እንዳቆሙ ሰማች። እንደገና ጠየቀቻቸው፤ እንደገና ደኅና ነኝ አሉ፤ እንደገና ቆሙ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ወዲያው ለልጃቸው ደወለች፤ እሱም አምቡላንስ ጠራ። እማማ ከ11 ቀን በኋላ ከሆስፒታል ወጡ። ዛሬም በበዓላችን ላይ ከፊት ረድፍ ይቀመጣሉ።

አንዳንድ ሰዎች በዚያን ጊዜ «ይህች ልጅ የምትደውለው ለወረቀት ብላ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሊሆን ይችላል፤ እሷም አልካደችም። ነገር ግን አይዛክ ስታርም የሄደው ተመድቦ ነው፤ የኮፐንሃገን ተማሪዎችም ጥቂት አበል ይከፈላቸው ነበር። ከረጢቱ የተጨመቀለት ልጅ ግን የተነፈሰው እውነተኛ አየር ነው። ለወረቀት ብሎ የመጣ ሰው በሽተኛ አጠገብ ሲሰነብት ልቡ ይለወጣል፤ ባይለወጥም ሕመምተኛው ተጠቅሟል።

የራሳችን ጉድለት

አሁን ወደማይጣፍጠው ነገር ልምጣ። ልጅቷ ስታመለክት የማኅበራችንን የምስክር ደብዳቤ ጠየቀች። እኛ ግን ማን፣ መቼ፣ ስንት ሰዓት እንዳገለገለ የመዘገብንበት አንዲት ወረቀት አልነበረንም። በዚያን ጊዜ የኮሚቴ አባል ስለ ነበርኩ ጥፋቱ የእኔም ነው። ያዳነን እሷ የደወለችበትን ቀን ሁሉ በደብተር መያዟ ነው። ሌሎች አምስት ወጣቶች ግን ደብተር አልያዙም ነበር፤ ደብዳቤያቸውም «በኮሮና ጊዜ ረድተውናል» ከሚል አላለፈም።

ለ2021 መግቢያ ያመለከቱት ቁጥር በአገር አቀፍ ደረጃ ካለፈው ዓመት ወደ 18 ከመቶ የሚጠጋ ጨምሮ ስለ ነበር ውድድሩ ቀላል አልነበረም። ልጅቷም በመጀመሪያው ዙር አልተቀበሏትም። በሁለተኛው ተቀብለዋት በ2022 ትምህርቷን ጀመረች። ከአምስቱ አንዱ ሁለት ጊዜ አመልክቶ ስላልተሳካለት ወደ ነርስነት ሄደ። የእኛ ደብዳቤ የተሟላ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ይለወጥ እንደ ነበር መናገር አልችልም፤ ነገር ግን ያንን ልጅ ባየሁ ቁጥር ነገሩ ይከነክነኛል።

ስለሆነም ለሚመጡት 10 ዓመታት ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ማኅበሩ የበጎ ፈቃደኞች መዝገብ ይክፈት፤ ቀኑ፣ ሰዓቱና የሥራው ዓይነት በየጊዜው ይጻፍበት፣ ኃላፊነት ያለው አንድ ሰውም ይፈርምበት። ሁለተኛ፣ የአረጋውያን ስልክ ዝርዝር በፈቃዳቸው ተይዞ በየስድስት ወሩ ይታደስ፤ የሚቀጥለው ወረርሽኝ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም። ሦስተኛ፣ ወላጆች ልጆቻችንን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ብቻ አንመልከት፤ በጎረቤት ያሉትን እማማ ደውሎ መጠየቅም ትምህርት መሆኑን እንንገራቸው።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ነጩን ጋዋን ከመልበስ በፊትም ማስታመም ይቅደም።

ለሁላችንም ጤናውን ይስጠን፤ ቸር ይግጠመን።