ፒክአፕ ስንት ኪሎ ተሳቢ ይጎትታል?

የሲራራ ነጋዴ የሚጭነውን የሚወስነው የበቅሎውን ጉልበትና ከፊቱ ያለውን ዳገት አይቶ ነበር። በፒክአፕ ዘመን ግን ቁጥሩን የሚነግረን ፋብሪካው ሆነ። አሜሪካ ውስጥ አምራቾች የመጎተት አቅምን ለረጅም ጊዜ የሚለኩት በየራሳቸው መንገድ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ጄ2807 የተባለ የጋራ መለኪያ አወጣ፤ በሙቀት የአሪዞናን የዴቪስ ዳም ዳገት መውጣት ከፈተናዎቹ አንዱ ሆነ። ቶዮታ ቀድሞ ሲቀበለው የተንድራ ፒክአፑ ቁጥር ዝቅ አለ።

ስለዚህ ራሳችሁ አስሉ። ለመኪናና ለተሳቢ በድምር ከተፈቀደው ክብደት፣ መኪናውን ከነሰዉና ከነጭነቱ መዝናችሁ ቀንሱ። ድምሩ 5,500፣ መኪናው 2,700 ኪሎ ከሆነ፣ መጽሐፉ 3,500 ይጎትታል ቢልም ተሳቢው ከነዕቃው ከ2,800 አይለፍ። የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ደግሞ ለብዙ ፒክአፖች የሚፈቀደው እስከ 750 ኪሎ ብቻ ነው፤ ቁልቁለት ላይ የሚይዘው የመኪናው ፍሬን ብቻ ነውና።