ኮምፒዩተር ለፈተና ሲቀርብ

በመጀመሪያው የኮምፒዩተር ዘመን ምሥጢር መጠበቅ ከመጋዘን ጥበቃ ብዙም አይለይም ነበር። በሩ ተቆልፎ ዘበኛ ከቆመበት ሌላ ሥጋት አልነበረም። በ1960ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ግን ብዙ ሰዎች በየቦታቸው ሆነው በአንድ ኮምፒዩተር ባንድ ጊዜ መሥራት ጀመሩ። ይህም ለአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ከባድ ጥያቄ አስከተለ። ምሥጢር እንዲያይ የተፈቀደለትና ያልተፈቀደለት ሰው አንድ መሣሪያ ሲጋሩ፣ በመካከላቸው ያለው አጥር ጽኑ መሆኑን ማን ያረጋግጣል?

በዊሊስ ዌር የተመራው ኮሚቴ በ1970 ችግሩን በዝርዝር አቀረበ። በ1972 ጄምስ አንደርሰን ለአየር ኃይሉ ያዘጋጀው ጥናት ደግሞ መፍትሔ ጠቆመ። ይኸውም በመሣሪያው ውስጥ ማንኛውም ጥያቄ ሳያልፍበት የማይፈጸም፣ ማንም ሊነካካው የማይችል፣ በሚገባ ሊመረመር የሚችል ትንሽ ተቆጣጣሪ ይኑር የሚል ነው።

ከዚህ በኋላ በ1981 የኮምፒዩተር ደኅንነት ማዕከል ተቋቋመ፤ በ1983ም መመዘኛውን አሳተመ። ከሽፋኑ ቀለም የተነሣ «ብርቱካናማው መጽሐፍ» ተባለ። ደረጃዎቹ ከዝቅተኛው ሲጀምሩ ዲ፣ ሲ1፣ ሲ2፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ቢ3 እና ኤ1 ነበሩ። ለኤ1 ንድፉ በሒሳባዊ ዘዴ መረጋገጥ ነበረበት፤ የሃኒዌል ኩባንያ ስኮምፕ የተባለው ሥርዓት ይህን ደረጃ አግኝቷል። ትልቁ ለውጥ ግን ሻጩ ስለ ዕቃው የሚናገረው ብቻ ማስረጃ መሆኑ መቅረቱ ነው። ተማሪ የራሱን ፈተና እንደማያርም ሁሉ፣ ዕቃውንም ሌላ ወገን መረመረው።

ሆኖም መመዘኛው ጉድለት አላጣውም። ይበልጥ ያተኮረው በምሥጢር ጥበቃ ላይ ሲሆን፣ ምርመራውም ብዙ ጊዜ ይወስድ ነበር። ዊንዶውስ ኤንቲ 3.5 በ1995 ሲ2 ያገኘው ከኔትወርክ ጋር ሳይገናኝ ተመርምሮ ነው። ገዢዎች ግን ኮምፒዩተሮቻቸውን እርስ በርስ ያገናኙ ነበር።

አውሮፓውያን በ1991 ባወጡት መመዘኛ የመሣሪያውን ተግባርና የምርመራውን ጥልቀት ለያይተው መዘኑ። የሁለቱ ወገኖች ልምድ ተጣምሮ በ1996 «የጋራ መመዘኛ» ወጣ፤ በ1999ም ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ።

መምህር ሁሉ እንደሚያውቀው ውጤት የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። በመሆኑም «ስንት አገኘ?» ከማለት አስቀድሞ «ምን ተጠየቀ?» ማለት ይገባል።